የኤልፊ አሥራ አራት ረድፍ ወይን

ኤልፊ ኖስከ ለጉዞ ስትነሳ ለባሏ ያልነገረችው አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ነበር፤ ደግ ነገር። ባሏ መርቭ ካራቫኑን፣ በመኪና የሚጎተተውን የጉዞ ቤታቸውን፣ ከመኪናው ኋላ አያይዞ፣ ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ስቦ ሞክሮ፣ የኋላ መብራቱን "አብሪ፤ አጥፊ፤ አሁን ደግሞ ግራውን" እያለ ሲያስፈትሻት፣ እሷ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ በልቧ ቃላት ትመርጥ ነበር። አርብ አርባ ስድስተኛ የጋብቻ ዓመታቸው ነው። ሮብ በምትባለው ከተማ ባሕሩ ዳር ሆነው ያከብሩታል። ዓሣና ድንች ጥብሳቸውን በልተው ሲጨርሱ፣ "መርቭ፣ ወይኑን እናስነቅለውና ትልቁን ዙር እንሂድ" ልትለው ነው።

ወይኑ የእሷ ነው። አሥራ አራት ረድፍ ማታሮ የሚባል ቀይ ወይን፣ አያቷ የተከሉት፣ ሽቦ ሳይደግፈው እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው የቆመ። አባቷ መሬታቸውን ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ ሰፊውን ለሁለቱ ወንድሞቿ ሰጡና ያችን ቁራሽ ግን "ይህን ወይን የምታውቀው የኤልፊ እጅ ናት" ብለው ለሴት ልጃቸው አደረጉ። ባሮሳ በሚባለው የወይን አገር ለሰፈሩት የጀርመን ዘሮች፣ መሬት ለሴት ልጅ መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም። ወንድሞቿ እስከ ዛሬ ለገና ቋሊማ ሲያመጡላት ፊታቸው እንደተቋጠረ ነው። እሷም የአባቷን ቃል ላለማሳፈር ሃምሳ ክረምት በገዛ እጇ ከርክማዋለች።

መርቭ የወይን ሰው አይደለም። ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ በማግስቱ ካራቫን ገዛ። ትልቁ ዙር የሚሉት አገሩን በሙሉ ጠረፍ ጠረፉን መዞር ነው፤ ለፈጣኑ አንድ ዓመት፣ ለሚንቀረፈፈው ሁለት ይፈጃል። ወይን ያለው ሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ ከቤቱ አይጠፋም። ስለዚህ መርቭ ስድስት ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅሎ ሲያይ ኖረ። አንድም ቀን "ወይንሽን ተይው" ብሏት አያውቅም። ኤልፊ ይህን ዝምታውን ከትልቅ ፍቅር ትቆጥረው ነበር። እኔ ብሆን ዝም የሚል ባል ባየሁ ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ፤ እሷ ግን እንደዚያ አልነበረችም።

ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቷት በቀኝ ትከሻዋ ወደቀች። ትከሻው ዳነ ተባለ እንጂ አልዳነም። የዘንድሮው መከር ተለቅሞ ሲያበቃ ለማንም ሳትነግር ቁርጧን አደረገች፤ ሦስት ቀን አለቀሰች፣ በአራተኛው ቀን ቀለላት። ለመርቭ የምትሰጠው ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበራትም። ስጦታ ደግሞ በቀኑ ነው የሚሰጠው ብላ ይዛ አቆየችው።

ጉዞው ያማረ ነበር። መርቭ ያለወትሮው ቸር ሆነ። ድሮ በሰዓት የሚሄድ ሰው፣ ላንግሆርን ክሪክ ላይ የወይን ማሳ ባየች ቁጥር ራሱ ዳር ይዞ እየቆመ፣ "ውረጂና እዪው፣ ጊዜ ሞልቶናል" ይላት ጀመር። ከቤት ሲወጡም "ስልክሽን ተይው፣ የእኔ ይበቃናል፤ በዓል ላይ አይደለን?" ብሎ አስትቷታል። ኩሮንግ ከሚባለው ውኃ ዳር ፔሊካን የሚባሉትን ወፎች ቁጭ ብላ ስታይ ሻዩን አፍልቶ፣ ከቤት ካመጣችው በእንስላል ከተዘፈዘፈው ኪያር ቆራርጦ በሳህን አቀረበላት።

"ምን ነክቶህ ነው አንተ?" አለችው።

"ጡረተኛ ነኝ። ሚስቴን እንድንከባከብ ተፈቅዶልኛል።"

"ፈቃዱ ስድስት ዓመት ዘገየ።"

"ወረፋው ረጅም ነበር" አላት፤ ሳቀች።

አርብ ሮብ ከተማ ሆነው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ እንደ ደንቡ የካራቫን ሰፈሩ ሰው ወንበሩንና ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ጎረቤታቸው ኬቭ የሚባል ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሚስቱ ግሌኒስ ትባላለች፤ ሁለቱም አፋቸው ላይ የመጣውን ሁሉ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው።

"እናንተ ገና ዙሩን አልሄዳችሁም?" አለ ኬቭ። "የካራቫናችሁ ጎማ የአዲስነቱ ፀጉር እንኳ አልተበላም። እንደ ሙሽራ ሸፍናችሁ ነው እንዴ የምታስቀምጡት?"

"በሚመጣው መጋቢት" አለ መርቭ ቶሎ ብሎ።

ኤልፊ ቀና አለች። መጋቢት መከር ነው። መርቭ ይህን ያውቃል። የሆነው ቢሆን ምኞቱ ከአፉ አምልጦት ነው ብላ በልቧ ደስ አላት፤ ዛሬ ማታ ምን እንደሚሰማ ቢያውቅ ብላ ፈገግ አለች።

"ምነው ፈገግ አልሽ?" አለች ግሌኒስ። "ይኼ ሰውዬ ሲዋሽ ነው እንዴ?"

"እሱ ውሸት አያውቅበትም" አለች ኤልፊ። ከልቧ ነበር።

ሰዉ ወንበሩን አጣጥፎ ሲበተን ሁለቱ ዓሣቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለበሱ። በልተው ሲጨርሱ፣ "መርቭ፣ ስለ ወይኑ የምነግርህ ነገር አለኝ" አለችው።

እጇን ያዘና፣ "ነገ፣ ኤልፊዬ። ስለ ወይን ነገ። ዛሬ እንዲሁ እንቀመጥ" አላት። ድምፁ ደከም ብሎ ነበር። የጋብቻ ቀናችንን አስቦ ነው ብላ ተወችው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ያን ምሽት አንድ ባሕር እያዩ እሷ ልትሰጠው፣ እሱ ሊደብቅባት ተቀምጠው ነበር።

ቅዳሜ በጉዞ አለፈ። ካራቫኑን ኩናዋራ አጠገብ ካለ ሰፈር አቁመው፣ እሑድ ጠዋት በመኪናው ብቻ ወደ አንድ ትንሽ የወይን ጠጅ መቅመሻ ሄዱ። መርቭ ደጅ ላይ ከአንድ ካራቫነኛ ጋር ስለ ጎማ ነፋስ ክርክር ገጥሞ ቀረ። ኤልፊ ብቻዋን ገባች። የምታቀምሰው ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ጆዲ የምትባል ሴት ነበረች፤ የቤቱ ባለቤትም እሷው ናት።

"ከየት ነዎት?"

"ከባሮሳ። ትንሽ ማታሮ አለኝ፤ የአያቴ ተከላ።"

ጆዲ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ወይዘሮ ኖስከ እንዳይሆኑ ብቻ።"

"ነኝ። በምን አወቅሽኝ?"

"እኔና ባለቤቴ የምስጋና ደብዳቤ ልንጽፍልዎት ነበር እኮ። እሱ ሐሙስ ዕለት ከሁለት ሰዎች ጋር እርስዎ ዘንድ ሄዶ ለተከላ የሚሆን ዝንጣፊ ቆርጦ መጣ። እጓዳ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለነዋል። ባለማሽኑ ዳሪል ነው የደወለልን፤ 'ሰኞ ማሽን ይገባል፣ ያረጀ ማታሮ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ባልየው ፈቅዷል' አለን። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያቃጥለው።"

"ሰኞ" አለች ኤልፊ።

"ነገ፣ አዎ። ሲነቀል ማየት ስላቃታቸው ወደ ባሕር ሄደዋል አለን። እኔም ብሆን አልችልም።" ጆዲ እጇን በኤልፊ እጅ ላይ አሳረፈች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ኤልፊ የወደቀችው እዚያ ጠረጴዛ ፊት ነው፤ ማንም ግን አላየም። የተቀዳላትን ጠጣችና እንጨቱን ማየት እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ጓዳው ውስጥ ጆንያው ሲገለጥ የእሷው ነበር፤ ያን ቀላ ያለ ቅርፊት በጨለማም በዳበሳ ታውቀዋለች። ከእስሮቹ አንዱ ተዘቅዝቆ ነበር የቆመው።

"ይኼኛው ተዘቅዝቋል" አለች። "ቡቃያው ወደ ላይ ነው የሚያየው። እንዲህ ከተከላችሁት አይጸድቅም።" ፈትታ፣ አንድ በአንድ አቃንታ መልሳ አሰረችው። ጆዲ ሁለት ጠርሙስ በስጦታ ብትሰጣት አልወስድም አላለችም፤ አመስግና ወጣች።

መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ "ሰኞ ምን አለ፣ መርቭ?" አለችው።

"የቱ ሰኞ?"

"ነገ የሚባለው።"

መርቭ ምልክት አሳይቶ፣ በመስተዋቱ ኋላውን አይቶ፣ ቀስ ብሎ ዳር ያዘ። ሠላሳ ዓመት ሕፃናት የጫነ ሰው ሲደነግጥም በሥርዓት ነው የሚቆመው።

"ማነው የነገረሽ?" አላት።

ጥፋተኛ መቼም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

"ዝንጣፊውን የወሰዱት አመሰገኑኝ።"

ሞተሩን አጠፋ። "ልነግርሽ ነበር። ቤት ሳንገባ መንገድ ላይ ልነግርሽ ነበር። አንዴ ሜዳውን አይተሽ፣ አልቅሰሽ ይወጣልሽ ነበር ኤልፊ። ቀድሜ ብነግርሽ ግን ዓመት ሙሉ ነው የምታለቅሺው። ትከሻሽን አታዪውም? ጠዋት ጠዋት ሹራብሽን የማለብስሽ እኔ አይደለሁ?"

"ትከሻዬን ተወው። ወይኑ በማን ስም ነው?"

"ባንቺ።"

"ታዲያ ዳሪል ባንተ ቃል ብቻ እንዴት እሺ አለ?"

መርቭ መሪውን አየ። "ፈርመሻል።"

ወዲያው ትዝ አላት። ግንቦት ውስጥ ነው፤ ኬክ እያቦካች እጇ በዱቄት ተለውሶ ነበር። መርቭ የካራቫኑን የመድን ወረቀቶች ይዞ መጣና "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም" እያለ በጣቱ አሳያት። እጇን በመሐረብ ጠርጋ ፈረመች። አርባ ስድስት ዓመት ጣቱ ባረፈበት ሁሉ ስትፈርም አንዱንም አንብባ አታውቅም። ማንበብ እንደ ስድብ ይመስላት ነበር።

"ወደ ካራቫኑ መልሰኝ" አለችው።

ሲደርሱ ካፖርቷንና ቦርሳዋን ይዛ ወጣችና እጇን ዘረጋች።

"ቁልፉን።"

"በዚያ ትከሻ አምስት ሰዓት ልትነጂ ነው? አበድሽ እንዴ?"

"ቁልፉን፣ መርቭ።"

"ካራቫኑንስ ማን ይጎትትልኛል?"

"ለኬቭ ደውልለትና ለምነው። ሰው መጠየቅ ልመድ።"

ሰጣት። የሰውዬውን ሐቅ አልበላም፤ የሾፌሩንም ወንበር በእሷ ልክ አቀረበላት። አርብ ማታ ባሕሩ ዳር ምን ልትለው እንደነበር ልትነግረው እስከ አፏ መጣና ዋጠችው። ያን ሰዓት ብትነግረው ስጦታ ሳይሆን ጥፊ ይሆን ነበር፤ ጥፊ ደግሞ በቤታቸው ነውር ነው።

ብቻዋን ነዳች። ሬዲዮ አልከፈተችም። ኪት የምትባል ከተማ ላይ ነዳጅ ስትሞላ ፊቷን በቧንቧ ውኃ ታጠበች። መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፦ ማሽኑ እሑድን ሳያከብር ቢቀድማትስ? ባሮሳ እሑድ አይሠራም፤ ግን ባሏም ይህን አያደርግም ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰች። ቆሟል። አሥራ አራቱም ረድፍ ቆሟል። ግንዶቹ ግን ራቁታቸውን ናቸው፤ ዝንጣፊ ቆራጮቹ ለራሳቸው የሚበጀውን እንጨት መርጠው፣ የቀረውን እንደ ነገሩ ገነጣጥለው ጥለውታል። ጥሩ ከርካሚ ቁስሉን ወደ ውጭ አዘቅዝቆ ይቆርጣል፤ ዝናብ እንዳይቋጥር። እነዚህ እንደ አጥር እንጨት ነው የቆረጡት። ለሚሞት ወይን ማን ይጨነቃል። ኤልፊ በረድፎቹ መካከል ጨለማው እስኪይዛት ድረስ ተመላለሰችና ገብታ ተኛች፤ እንቅልፍም ወሰዳት፣ ደክሟት ነበርና።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳሪል መንቀያውን ማሽን፣ ኤክስካቫተሩን፣ በጭነት መኪና ጭኖ መጣ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ሳለ ኤልፊ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራዋለች። የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ የወጥ ቤት ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ሲያያት መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ ወረደ።

"ወይዘሮ ኤልፊ። ሮብ ከተማ አልነበሩም እንዴ?"

"ነበርኩ። ባሕሩ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል።"

ዳሪል ኮፍያውን አወለቀ። "መርቭ 'ወይኑን ተሰናብታዋለች' አለኝ። ፊርማዎንም አሳየኝ።" ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለዚህ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የያዘው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፣ ጥርት ያለ፤ ጠርዙ ላይ የዱቄት የጣት አሻራ አለ።

"ማን ማን ያውቃል?" አለችው።

"እ?"

"ነገሩን። ማን ማን ያውቃል?"

ዳሪል መሬት መሬት አየ። "ያው... ሁሉም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እርስዎ ሲመለሱ ምሳ ሊያበሉዎት ተሰናድተዋል፤ ሐዘኑ እንዳይከብድዎት ብለው። ፓስተሩም ያውቃሉ። ወንድሞችዎም። መርቭ 'አደራ፣ እንዳይረበሽባት፣ ለእሷ ብዬ ነው' ስላለን ነው። ለደግ ነው ወይዘሮ ኤልፊ፣ እውነቴን ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለት እሑድ ሙሉ ከነዚያ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘምራለች። እጇን ከወትሮው አጥብቀው ይጨብጧት ነበር። ወንድሞቿም ሰላም ብለዋት ነበር፣ ፊታቸው ተፈትቶ። ከሁሉ ይህ አንገበገባት።

የዳሪል ስልክ ጮኸ። አየውና ዘረጋላት። "መርቭ ነው።"

"ኤልፊ? ደርሰሽ ነው?" አለ መርቭ። ድምፁ ሌሊቱን እንዳልተኛ ይናገራል። "ቤቱ ስልክ ብደውል አታነሺም።"

"ደርሻለሁ።"

"ዳሪል ጀመረ?"

"አልጀመረም። መርቭ፣ አርብ ባሕሩ ዳር ምን ልነግርህ እንደነበር ታውቃለህ? ነገ ያልከኝን?"

"ስለ ወይኑ ነው።"

"አዎ። እናስነቅለውና ትልቁን ዙር እንሂድ ልልህ ነበር። ከመከሩ ጀምሮ ነው የወሰንኩት። ለጋብቻ ቀናችን ብዬ ሁለት ወር በሆዴ ይዤው ከረምኩ።"

በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማችው፤ ሸክም የወረደለት ሰው ትንፋሽ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያች ትንፋሽ የጠላችው ነገር የለም።

"ታዲያ አንድ ነገር ነው የፈለግነው" አለ፤ ሳቅ ሳቅ እያለው። "ኤልፊዬ፣ አንድ ነገር ነበር እኮ የፈለግነው። ጠቡ ታዲያ ምኑ ላይ ነው?"

ዳሪል ዞር ብሎ የጭነቱን ሰንሰለት የሚያይ መሰለ። ኤልፊ መልስ ፈለገች። አርባ ስድስት ዓመት አብሯት ለኖረ ሰው ጠቡ ምኑ ላይ እንደሆነ ማስረዳት ካስፈለገ ምን ቃል ይገኛል? የተሰማት ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን በተሻላት።

"እዚያ ነሽ?" አለ መርቭ። ሳቁ ጠፋ። "እሺ። ልክ ነሽ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ይኸው አሁን እጠይቅሻለሁ። በሥርዓት። ዳሪል ይንቀለው ወይስ አይንቀለው?"

ኤልፊ ረድፎቹን አየቻቸው። ያረጁ ናቸው፣ በሰው እጅ የተበላሹ ናቸው፤ ትከሻዋ ይጠዘጥዛታል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብትለፋ ግማሹን እንኳ አትጨርስም። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

"አይንቀለውም" አለች።

"አንቺው ራስሽ እኮ አሁን—"

"አርብ ብትጠይቀኝ ሁሉንም እሰጥህ ነበር፣ መርቭ። ወይኑንም፣ እኔንም፣ የቀረኝን ዕድሜ ካንተ ጋር በዚያ ካራቫን። ዛሬ ጠየቅኸኝ። ዛሬ የምሰጥህ ምንም የለኝም።"

ስልኩን ለዳሪል መለሰችለት። መርቭ ገና ይናገር ነበር። ዳሪል ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ፤ እሷም ወንበሯን አንስታ ወደ ቤት ገባች።